ጥምዝ እንዴት ይመረጣል፣ እንዴት ይታመሳል፣ እንዴት ይተከላል

ጥምዝን አብዛኛው ሰው የሚያውቀው በስም ብቻ ነው። የበርበሬ ቅመም ሲገዛ ከኮረሪማው፣ ከጥቁር አዝሙዱና ከበሶብላው ጋር አብሮ ይመዘናል። አብሮ ይታመሳል፣ አብሮ ወፍጮ ቤት ይገባል፣ ከዚያ በኋላ የት ደረሰ ብሎ የሚጠይቀው የለም። እስቲ አንዷን ፍሬ ሰብራችሁ ቁራጯን ምላሳችሁ ላይ አድርጉ። መጀመሪያ ጭሱ ይመጣል። ቀጥሎ ትንሽ ጣፈጥ የሚል፣ እርጥብ ጫካ የሚሸት ነገር አለው። ማቃጠሉ የሚመጣው ዘግየት ብሎ ነው፣ ከመጣ ደግሞ ቶሎ አይሄድም።

ይሄን ጣዕም በደንብ ያወቀ ሰው ጥምዝን በርበሬ ውስጥ ቀብሮ አይተወውም። ለብቻው ገዝቶ፣ ለብቻው አምሶ፣ ሲያስፈልገው ብቻ ይወቅጠዋል። የዚህ ጽሑፍ ነገር በአጭሩ ይሄ ነው፣ ግን አደራረጉ ላይ ብዙ የሚባል አለ።

መጀመሪያ ተክሉን እንተዋወቀው። ጥምዝ የቁንዶ በርበሬ ዘመድ ነው፣ በሳይንስ ስሙ ፓይፐር ካፔንሴ ይሉታል። ቁንዶ በርበሬ የመጣው ከደቡብ ህንድ ደን ነው። ጥምዝ ግን አፍሪካዊ ነው። ከምዕራብ አፍሪካ ጀምሮ እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ እርጥብ ደን ባለበት ይበቅላል፣ እኛ ሀገር ደግሞ ቤቱ ደቡብ ምዕራብ ነው፦ ካፋ፣ ሸካ፣ ቤንች፣ ማጃንግ፣ ኢሉባቦር። ቡና በዱር የሚበቅልበት ደን ማለት ነው፣ በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የሚወርድበት። ዩኔስኮ የካፋን ደን በ2010፣ የሸካን በ2012፣ የማጃንግን በ2017 (ሁሉም እ.ኤ.አ. ነው) የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ብሎ መዝግቦታል። ጥምዝ እዚያ ከኮረሪማና ከጫካ ማር ጋር የአካባቢው ሰው ደኑን ሳይቆርጥ ገንዘብ ከሚያገኝባቸው ነገሮች አንዱ ነው።

ሐረግ ነው ብትሉት አትሳሳቱም፣ ግን ሰነፍ ሐረግ ነው። ቁንዶ በርበሬ ከአንጓው ላይ ስር እያወጣ ዛፉ ላይ ሙጭጭ ብሎ ይወጣል። ጥምዝ እንደዚያ አይጨብጥም። ቀጭን ግንዱ እየረዘመ ሲሄድ አጠገቡ ያለውን ቁጥቋጦ ተደግፎ፣ በቅርንጫፎች መሀል እየተሹለከለከ ወደ ላይ ይወጣል፣ የሚደገፈው ሲያጣ ደግሞ ዘመም ብሎ ይቀራል። ይሄን ልብ በሉት፣ ስንተክል እንመለስበታለን።

ደን ውስጥ ካገኛችሁት የምትለዩት እንዲህ ነው። ግንዱን አይታችሁ አንጓው ላይ አበጥ ማለቱን አረጋግጡ። ቅጠሉ ሰፊ ነው፣ ልብ የሚመስል፣ ጫፉ ሹል፣ ደም ስሮቹ ከግርጌው ተነስተው ወደ ጫፍ የሚሄዱ። ፍሬው ከቅጠሉ ፊት ለፊት ቀጥ ብሎ የቆመ አንድ ዘንግ ነው፣ ዘንጉ ላይ ትንንሽ ፍሬዎች ጥቅጥቅ ብለው ተሰክተዋል። ቅጠሉን ስታሹት ይሸታል። ካልሸተተ ሌላ ነገር ነው፣ ተዉት። በነገራችን ላይ "ደኑ የማንም ነው" ብላችሁ ዘው እንዳትሉ። በብዙ ቦታ ደኑን የሚጠብቁ የአሳታፊ ደን አስተዳደር ማህበራት አሉ፣ የመልቀም መብትም የነሱ ነው። ለማየት ከሆነ የአካባቢውን ሰው ይዛችሁ ግቡ። ለመቅጠፍም ከተፈቀደላችሁ ሞልቶ የወፈረውን ብቻ በጣት ቅጠፉ፣ ለጋው ሲደርቅ ሟሽሾ ይቀራልና ለማንም አይሆንም። ሐረጉን ጎትታችሁ ማውረድ ግን ነውር ነው። የከርሞውን አብራችሁ ነው የምትነቅሉት።

ወደ ገበያው እንምጣ፣ ብዙዎቻችን ጥምዝን የምናገኘው እዚያ ነውና።

ዱቄት ጥምዝ አትግዙ። ነጋዴው ቢቀየምም ይቀየም። የጥምዝ ሽታ በቀላሉ የሚተን ዘይት ነው፣ ከተፈጨ በኋላ በየቀኑ ይቀንሳል፣ መቼ እንደተፈጨ ደግሞ ከዱቄቱ አይታወቅም። ምን እንደተቀላቀለበትም አይታወቅም። ሙሉውን ግዙ። ጆንያው አፍ ላይ ያለውን ብቻ አይታችሁ አትመኑ፣ እጃችሁን ወደ ውስጥ ሰደድ አድርጋችሁ እፍኝ አውጡ። አቧራና ስባሪ ከበዛበት ወይ የጆንያው መጨረሻ ነው፣ ወይ ነቅዟል። አንዱን አንስታችሁ በሁለት ጣት ስበሩት። በደንብ የደረቀ ጥምዝ ቀጭ ብሎ ይሰበራል። እጥፍ ካለ ወይም ሳይበጠስ ከተልመጠመጠ ውሃ ይዟል፣ ቤት ወስዳችሁ እቃ ውስጥ ስትከቱት ይሻግታል፣ በዚያ ላይ ውሃውን በኪሎ ከፍላችሁበታል። የተሰበረውን ፊት እዩት፦ መሀሉ ላይ ቀጭን እንጨት፣ ዙሪያውን ጥቃቅን ዘር። ነጭ ወይም አረንጓዴ ብናኝ ካያችሁ ሻጋታ ነው፣ ሙሉ ጆንያውን እለፉት።

ከዚያ አሽትቱ። የጭስ ሽታ ሊኖረው ይገባል። ጥምዝ ባህሉ እሳት ላይ ነው የሚደርቀው፦ ከምድጃው በላይ ቆጥ ላይ ይሰጣል፣ ከታች ቡና ሲፈላ፣ ምግብ ሲበስል ቀን ከሌት ጭሱን እየጠጣ ይጠቁራል። ዝናብ በማያባራበት ሀገር ፀሐይን ማመን ስለማይቻል የመጣ ዘዴ ነው፣ ጣዕሙን የሠራው ግን እሱ ሆኖ ቀረ። ፀሐይ ላይ ብቻ የደረቀም አለ፣ መጥፎ አይደለም፣ ግን ጭሱ የለውም። ሁለቱ በአንድ ዋጋ ከቀረቡላችሁ ያለ ጥርጥር ጭስ የጠጣውን አንሱ። አንድ ነገር ብቻ፦ ጭስ ጭስ አለ፣ ጥላሸት ሌላ ነው። ስታሹት ጣታችሁን ከሰል የሚያስመስል ከሆነ እሳቱ ሲንቀለቀል ደርሶበታል ማለት ነውና ወጡን ያመርረዋል።

ቤት ስትደርሱ አትጠቡት። ሁሉን ነገር አጥቦ የለመደ እጅ ይከብደዋል፣ አውቃለሁ። ግን ውሃ ጭሱንም ሽታውንም ያጥብባችኋል፣ እንደገና ማድረቁ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ሰፌድ ላይ አድርጋችሁ አንፍሱት፣ ግንጣይና ጠጠሩን ልቀሙ፣ ከዚያ ደረቅ ንጹህ ጨርቅ ውስጥ ጠቅልላችሁ እሽት እሽት አድርጉት። አቧራው ጨርቁ ላይ ይቀራል። ቀሪው እሳት ላይ ይጠራል።

ማመሱ ላይ ቀስ እንበል፣ ጥምዝ የሚበላሸው እዚህ ነውና። ብዙ ቤት ቅመሙ ሁሉ አንድ ምጣድ ላይ ተደፍቶ ነው የሚታመሰው። ጥቁር አዝሙድ ደቃቅ ነው፣ ኮረሪማ ከሱ ይተልቃል፣ ጥምዝ ደግሞ የጣት አንጓ ያክላል። ትልቁ ሲሞቅ ትንሹ ያራል። ለየብቻ እመሱ። ጥምዙን መጀመሪያ ሁለት ሦስት ቦታ ሰባብሩት፣ እሳቱ መሀሉ ድረስ እንዲገባ። ደረቅ ምጣድ ወይም ወፍራም መጥበሻ፣ ዝቅ ያለ እሳት፣ ዘይት የሚባል ነገር የለም። እያገላበጣችሁ ቁሙ፣ ስልክ ይዛችሁ አትሂዱ። ሁለት ሦስት ደቂቃ ሲሆን ሽታው ይቀየራል፦ የቆየ ጭስ የሚሸተው ነገር ይለቅና ሞቅ ያለ፣ ጣፈጥ ያለ መዓዛ ይነሳል። ያኔውኑ አውርዱ። "ትንሽ ይጨመርለት" የሚለው ነው የሚያሳርረው። ካወረዳችሁ በኋላም ምጣዱ ላይ አትተዉት፣ ትኩስ ምጣድ ማመሱን አያቆምም። ሰፊ ሳህን ላይ በትኑት፣ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። ትኩሱን ከፈጫችሁት ያልባል፣ ዱቄቱም ይጓጉላል።

ለመፍጨት ሙቀጫና ዘነዘና የሚተካው የለም፣ ግን ሁላችንም ሙቀጫ የለንም። የቡና መፍጫ ይሠራል፣ ቀድማችሁ ብቻ በደንብ ሰባብሩት፣ አለዚያ ምላጩ ላይ ይንከራተታል። መሀሉ ያለው እንጨት አልደቅ ይላል፣ ችግር የለውም፣ በወንፊት ንፉትና ወንፊቱ ላይ የቀረውን አትጣሉት፣ ቅቤ ስታነጥሩ ጣል አድርጉት፣ ወይም ሻይ ውስጥ። መፍጫውን በደረቅ ሩዝ ፈጭታችሁ አጽዱ። ካልሆነ የነገ ጠዋቱ ቡና ጥምዝ ጥምዝ ይላል። (ይሄን ሆን ብለው የሚያደርጉ ሰዎች አሉ። እኔም አልጠላሁትም።)

ስንት ይፈጭ? የሁለት ሦስት ሳምንት ብቻ። ሌላው ሙሉውን እንዳለ በብርጭቆ ማሰሮ ጥብቅ አድርጋችሁ ክደኑትና ጨለም ያለ ደረቅ ቦታ አስቀምጡት። ምድጃ አጠገብ ያለው መደርደሪያ ለእይታ ያምር ይሆናል እንጂ እንፋሎቱ ቅመም ይገድላል።

አሁን መከለሻ። ጥምዝ እውነተኛ ቦታው እዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። የእኔ አመጣጠን ይህን ይመስላል፦ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የተሰባበረ ጥምዝ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የተፈለፈለ የኮረሪማ ፍሬ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቁንዶ በርበሬ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጥቁር አዝሙድ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቅርንፉድ፣ የጣት ርዝመት ያለው ቀረፋ፣ ግማሽ ገውዝ። ገውዙን አታምሱት፣ መጨረሻ ላይ ፈቅፍቁት። ቅርንፉዱን ከዚህ አታብዙ፣ ቅርንፉድ ከገባ ሌላው እንዲናገር አይፈቅድም። እያንዳንዱን ለብቻ አምሳችሁ አብራችሁ ፍጩ። በቃ።

መከለሻ ስሙ እንደሚለው መጨረሻ ላይ ነው። ዶሮ ወጡ ከእሳት ሊወርድ አምስት ደቂቃ ያህል ሲቀረው፣ ለአንድ ዶሮ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ያህል ነስንሳችሁ አንድ ጊዜ አማስሉና ክደኑ። ከቁሌቱ ጋር አብራችሁ ስታቁላሉት ብትውሉ መዓዛው ወደ ጎረቤት ይሄዳል፣ ድስቱ ውስጥ የሚቀረው ማቃጠሉ ብቻ ነው። ለአልጫም እንደዚያው፣ እንዲያውም አልጫ ላይ በርበሬ ስለማይጋፋው ጥምዙ የበለጠ ይታወቃል። የጾም ምስር ወጥ ላይ ትንሽ ቁንጥር በቂ ነው፣ ቅቤ የለውም ተብሎ የሚታዘንለትን ወጥ ጭሱ ያነሳዋል። ክትፎ ላይ ግን አልወደውም። የሚያደርጉ አሉ፣ ለእኔ ግን የኮረሪማውን ሽታ ይጋፋል።

በርበሬ ስታዘጋጁ ለ5 ኪሎ ዛላ ከ50 እስከ 100 ግራም ጥምዝ ይበቃል። ከዚያ በላይ ከሆነ በርበሬው ይጠቁራል፣ ጣዕሙም ይከብዳል። ቅቤ ስታነጥሩ ደግሞ ኮሰረቱና በሶብላው ከገቡ በኋላ ሁለት ሦስት ሙሉ ፍሬ ጣሉበት፣ ሲጠል አብሮ ይወጣል።

ከወጥ ውጪም ሞክሩት። ጥብስ ከወረደ በኋላ ላዩ ላይ ደቀቅ አድርጎ መነስነስ፣ እንቁላል ፍርፍር ላይ፣ አቮካዶ ላይ በሎሚና በጨው። ረጅም ስለሆነ የቁንዶ በርበሬ መፍጫ ውስጥ አይገባም፣ አስገድዳችሁ ብታስገቡትም ይነክሳል እንጂ አይፈጭም። የገውዝ መፈቅፈቂያ ካላችሁ ሙሉውን ፍሬ ይዛችሁ እዚያው ገበታ ላይ ፈቅፍቁት። ፈረንሳይ ያሉ ሼፎች ስጋ ላይ፣ ጥቁር ቸኮሌት ላይ ሳይቀር እየፈቀፈቁት ነው። እኛ ደግሞ አሁንም ከበርበሬ ጋር ጆንያ ውስጥ።

ውጭ ሀገር ላላችሁ። የሐበሻ ሱቅ ካለ እዚያ ጠይቁ፣ ሙሉው ከሌለ ዱቄቱን ትታችሁ ውጡ። ካልተገኘ የፈረንጅ ቅመም ሱቆች በትንንሽ ብልቃጥ "ቲሚዝ" ብለው ወይም የኢትዮጵያ ረጅም በርበሬ ብለው ይሸጡታል። ዋጋውን አይታችሁ አትደንግጡ። ህንድ ሱቅ "ፒፓሊ" የሚሉት አለ፣ ዓረብ ሀገር ያላችሁ ደግሞ ቅመም ቤት ገብታችሁ "ዳር ፊልፊል" ብትሉ ያንኑ ይሰጧችኋል። እሱ የእስያው ዘመዱ ነው፣ ጥምዝ አይደለም፦ ቀጠን ይላል፣ ማቃጠሉ ይበረታል፣ ጭስ የለውም። ሌላ ካጣችሁ ግን ይሠራል። የጥምዙን ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ አድርጉ። ለቀይ ወጥ ከሆነ ያጨሰ ፓፕሪካ በጣም ትንሽ ብትጨምሩበት የጎደለውን ጭስ በመጠኑ ይሞላዋል።

መትከል ለሚፈልግ። ጅማ፣ ቦንጋ፣ ሚዛን፣ ቴፒ፣ መቱ አካባቢ ላላችሁ ቀላል ነው፣ ጓሮ ጥላ ካለው ግማሹ ሥራ አልቋል። አዲስ አበባ ግን ከጥቅምት ጀምሮ ያለው ደረቅ አየርና የሌሊቱ ብርድ ይጎዳዋል፣ ማሰሮ ውስጥ ተክላችሁ በረንዳ ጥግ ካላቆያችሁትና ውሃ ካላርከፈከፋችሁለት አትልፉ። ከገበያ የገዛችሁትን ፍሬ አፈር ውስጥ አትቅበሩ፣ ቆጥ ላይ ሲጨስ የከረመ ዘር አይበቅልም። የሚያስፈልጋችሁ ከደህና ሐረግ የተቆረጠ ቁራጭ ነው። ለጋውን ጫፍ አይደለም፣ እንጨት የሆነውን ግርጌም አይደለም፣ መሀሉን። ሦስት ወይም አራት አንጓ ይኑረው። ከታች ያሉትን ቅጠሎች አንሱና ሁለቱን አንጓ አፈር ውስጥ ቅበሩ፣ ስሩ የሚወጣው ካበጠው አንጓ ነውና እሱ ውጭ ከቀረ ዋጋ የለውም። አፈሩ ከጫካ የመጣ የሚመስል ይሁን፦ የበሰበሰ ቅጠል ያለው፣ ለስለስ ያለ፣ ውሃ የማይቋጥር። ላዩን በስስ ፕላስቲክ ከልላችሁ ጥላ ሥር አስቀምጡት፣ አዲስ ቅጠል እስኪያወጣ ድረስ እየጎተታችሁ ስር አወጣ አላወጣ እያላችሁ አትነካኩት።

ሲጠነክር ክረምቱ ሲገባ አውርዳችሁ ትከሉት። ቦታው ዋንዛ ወይም ብሳና ሥር ቢሆን ጥሩ ነው፣ ጓሯችሁ ውስጥ እንሰትና ሙዝ ካለም በመካከላቸው። ቅድም እንዳልኩት በራሱ አይጨብጥም። ሁለት ሜትር ያህል ባላ ያለው እንጨት አጠገቡ ትከሉለትና ግንዱን በልጥ ላላ አድርጋችሁ እሰሩት፣ በሽቦ አይደለም፣ ሽቦ ይቆርጠዋል። እየረዘመ ሲሄድ አንድ ሁለት ቦታ ጨምሩለት። ግርጌውን በቅጠል አልብሱት፣ አረሙን በእጅ እንጂ በመቆፈሪያ አትንኩ፣ ስሩ ላይ ላዩን ነው የሚሄደው። ቀጥታ ፀሐይ ካገኘው ቅጠሉ ይገረጣል፣ ጭልም ያለ ጥላ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ቅጠል ብቻ ይሆንና ፍሬ ይነፍጋችኋል። ፀሐይ በቅጠል መሀል ፍንጥቅ ፍንጥቅ የሚልበት ቦታ ነው የሚስማማው።

ቆጥና የእንጨት ምድጃ ለሌለው ሰው የራሱን ፍሬ ማድረቅ ትንሽ ዘዴ ይጠይቃል። መጀመሪያ ቀን ቀን ፀሐይ ላይ በሰፌድ አስጡትና ማታ ማታ አስገቡት፣ ቆዳው እስኪጨማደድ። ከዚያ ውጭ ላይ ከሰል አያይዙ፣ ነበልባሉ ሞቶ ፍሙ አመድ ሲለብስ የወይራ እንጨት ስንጥር ጣል አድርጉበት። ፍሬውን በሽቦ ወንፊት ከፍ አድርጋችሁ ያዙለት፣ እጃችሁን ወንፊቱ ጋ አድርጋችሁ ሳይፈጃችሁ ማቆየት ካልቻላችሁ በጣም ቀርቧል። ማጨሱን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያላችሁ ድገሙት፣ በአንድ ቀን ልጨርስ ካላችሁ ላዩ ያራል፣ ውስጡ እርጥብ ይቀራል። ቤት ውስጥ ግን በፍጹም እንዳታደርጉት፣ የከሰል ጭስ ይገድላል።